የወደቀው ምዕራፍ

እንከን የለሽ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የሥራ ባልደረቦቹ ነን። በማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር ገና ደጃችን አልደረሰም፤ እያንዳንዷ የእርሳስ ፊደል ከሳጥኗ በጣት ትለቀማለች፣ ፊደሉ መስመር፣ መስመሩ ገጽ ይሆናል። የሌሎቹ ለቃሚዎች ገጽ ለእርማት ሄዶ ሲመለስ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ይመስላል፣ ቀይ በቀይ። የእሱ ግን እንደሄደ ይመለሳል። አራሚዋ አንድ ቀን ብስጭት ብላ «ይሄ እንከን የለሽ ሰውዬ ከሥራዬ ሳያስባርረኝ አይቀርም!» አለችና ስሙ በዚያው ጸና። ሲረዝምብን ደግሞ አሳጠርነው። «እንከን፣ ምሳ ደረሰ!» «እንከን፣ አለቃ ይፈልግሃል!» እንለዋለን፤ እሱም ይስቃል።

እኔ ከጎኑ ባለው ክፍል ጠራዥ ነበርኩ። ማሽኑ ያተመውን ወረቀት አጥፌ፣ ደርድሬ፣ ሰፍቼ ሽፋን አለብሰዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ሠርተናል። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሦስተኛ ሰው የሰማሁት አይደለም፤ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሱ ነግሮኛል። ምነው ባልነገረኝ ያልኩበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ዘመድ አዝማድ «ልጅቷን ስጠን፣ እናሳድግልህ» ቢለው አሻፈረኝ አለ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የሚጎነጉነው ራሱ ነበር፤ ጥቃቅን ፊደል የለመደ ጣት ስለሆነ ሥራው እኛን ሴቶቹን ሁሉ ያስቀናን ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእኔ ጠረጴዛ ስር ትገባና በትርፍራፊ ወረቀት ቤት ስትሠራ ታመሻለች። የሥጋ ዝምድና የለንም፣ ግን «አክስቴ» እያለችኝ ነው ያደገችው።

እንከን አንድ ክፉ አመል ነበረው። በሙያችን ደንብ የተለቀመ ገጽ ዙሪያውን በሲባጎ ሳይታሰር ከጠረጴዛ አይነሳም። ገጹ እኮ ሙጫ የለውም፤ ሺህ ትንንሽ እርሳስ ተደጋግፎ የቆመበት ነው። እሱ ግን አያስርም። ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ያጣብቅና አንስቶት ወደ ማሽን ክፍል ይሄዳል። «ሲባጎ እጁን ለማያምን ሰው ነው» ይላል። አለቃም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ፍጥነቱን ይወደዋላ!

የዚያ መጽሐፍ ደራሲ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። በዕድሜያቸው የጻፉት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም በሆስፒታል የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ፣ በእጃቸው። ርዕሱ «እጁ ባዶ የሆነ» ይላል። አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በር አይቆለፍም፣ ማድቤት አይለይም፣ ከመካከላቸው አንዷ የወለደችው ልጅ ደግሞ የሁሉም ነው። የግቢው ሕግ አንድ ነው፤ «እጁ ባዶ የሆነ ልጁን ይያዝ።» አዋላጇ ጤና አልነበራቸውም። ቀስ እያሉ ይመጡና እንከን ጎን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ስለ ሽፋኑ አይጠይቁ፣ ስለ ወረቀቱ አይጠይቁ። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «መጨረሻው ጋ ደረስክ ልጄ?»

ደረሰ። የመጨረሻው ምዕራፍ አጭር ነው፣ አምስት ገጽ። አዋላጇ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገብተው ስለነበር ለቅሞ ሲጨርስ አጠገቡ አልነበሩም። ሐሙስ ቀን ነው፤ ሁላችንም ለምሳ ወጥተናል። ማሽኒስቱ ከምሳ መልስ እንዲጀምር ብሎ፣ ለእርማት እንኳ ሳይልከው፣ አምስቱንም ገጽ በአንድ ረዥም የብረት ትሪ ላይ ደርድሮ ብድግ አደረገው። እንደ ልማዱ አላሰረውም። በሩ ጋ ሲደርስ ክርኑ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨና ትሪው ተንጋደደ። ከዚያ በኋላ ያለውን እጁ አያስታውሰውም፤ እግሩ ስር የአምስት ገጽ ፊደል ዝርግፍ ብሎ ተኝቶ ነበር።

የፈሰሰ ፊደል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። እያንዳንዱን እርሳስ አንስተህ፣ ፊቱን አይተህ፣ ወደየሳጥኑ ትመልሳለህ። እሱን ስትጨርስ ነው እንደገና ከሀ የምትጀምረው። ለአምስት ገጽ ቢያንስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ማሽኑ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ ትልቅ ሥራ ተይዞ ነበር፤ የአዋላጇ መጽሐፍ ካመለጠው ለሁለት ወር ይገፋል። አለቃ ይጠይቃል፣ አራሚዋ ትሰማለች፣ ማሽኒስቱ ያላግጣል። «እንከን አፈሰሰ!» ሲሉት በጆሮው ተሰማው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ወንድ ነበር፤ ያችን ቃል መሸከም አቃተው።

ከወደቀው በፊት ያለውን ምዕራፍ መጨረሻ አነበበው። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፣ ልጁ ተኝቷል፣ አሥራ አንዱም ሰዎች በየተራ እየተቀባበሉ በጭናቸው ላይ ያስተኙታል። «ደህና ማለቂያ ነው» አለ ለራሱ። ከሥሩ አራት ፊደል ለቅሞ አስገባ፤ ተፈጸመ። የፈሰሰውን ወደ እንጨት ሣጥን ጠራርጎ ከጠረጴዛው ስር ደበቀው። የምዕራፉን የእጅ ጽሑፍ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለአዋላጇ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ በሁለተኛው እትም እናስገባዋለን፣ ብሎ ለራሱ ማለ። እኛ ከምሳ ስንመለስ እጁን እየታጠበ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር። በእኛ ቤት የመጽሐፍ መጠን የሚቆጠረው በእጥፋት ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። ትእዛዙ ላይ «አሥር እጥፋት ተኩል» ይላል። ወደ እኔ የመጣው አሥር ብቻ ነው። «እንከን፣ ግማሿ የት ገባች?» አልኩት። «ቀርታለች» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ማን አስቀራት፣ ለምን ቀረች፣ አላልኩም። አንድ ሺህ ግማሽ እጥፋት ከማጠፍ ስለተገላገልኩ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ይኸው ነው የእኔ ነገር፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከተጠረዙት የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር፣ በዚህ አምነዋለሁ። አዋላጇ ማንበብ አቅቷቸዋል፤ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ያሹታል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መጨረሻው እንዴት ሆነ?» አሉት። እንከን «አምሯል፣ እማማ» አላቸው። «እሰይ። እኔ እኮ ያን ሁሉ የጻፍኩት ለመጨረሻዋ ብዬ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። በአራተኛው ቀን አረፉ። ልጅም ወራሽም አልነበራቸውም። «አምሯል ያልኩበትን አፍ ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል» ይለኝ ነበር ከብዙ ዓመት በኋላ።

መጽሐፉ መጀመሪያ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት አቧራ ለበሰ። እንከንም ተረጋጋ፤ ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ምን አጎደለ? ከዚያ አንድ ዘፋኝ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ላይ አንስቶት አነበበውና አበደ። የባንዱን ስም ከመጽሐፉ ወሰደ፣ አንድ ሙሉ አልበም ከታሪኩ ሠራ። «እጄ ባዶ ነው፣ ስጡኝ ልያዘው» የሚለውን አዝማች ያልዘፈነ ወጣት አልነበረም፤ በታክሲው፣ በፀጉር ቤቱ፣ በልብስ ስፌቱ ሁሉ እሱ ነው። መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ እጅ በእጅ ዞረ። ጥግ ጥጉ የተልፈሰፈሱትን ቅጂዎች ሳያቸው እኔን ጠራዧን አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ቀጥሎ ጸሐፊዎቹ መጡ። ግማሹ አጭር ልቦለድ በአዋላጇ አጻጻፍ ይጽፋል፣ ግማሹ ገጸ ባሕርያቱን ወስዶ ሌላ ታሪክ ያወራል። አንድ ወጣት ደራሲ ጭራሽ ተከታዩን ክፍል ጽፎ አሳተመ። በእሱ መጽሐፍ የግቢው ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሚስት ያገባል፤ አሥራ አንዱም ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ይመርቁታል። ሰው ሁሉ ሠርጉ ላይ አለቀሰ። እንከንም አለቀሰ፣ ግን እንደነሱ አይደለም። አዋላጇ በመጨረሻው ምዕራፍ ልጁን ገድለውት እንደነበር የሚያውቅ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር።

ከሁሉም የባሰው ቤቶቹ ናቸው። ወጣቶቹ መጽሐፉን ማንበብና መዝፈን አልበቃቸው አለና ይኖሩት ጀመር። ሰፋ ያለ ግቢ ይከራያሉ፣ የበሩን ቁልፍ ያወልቃሉ፣ ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ ያችን ሕግ በትልቁ ይጽፋሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት እንዲህ ዓይነት ቤት ተከፈተ። አትሳቁባቸው፤ እኔ ሄጄ አይቻለሁ፣ ደግ ልጆች ናቸው። አንዱ ሲታመም አሥሩ ይነሣሉ። የተጣሉትን ሳያስታርቁ ማዕድ አይቀርቡም።

መጽሐፉን የለቀመው ሰው በሕይወት እንዳለ ሲሰሙማ ተአምር ሆነ። «ጋሼ፣ በእነዚህ ጣቶች ነው?» እያሉ እጁን ይስማሉ። ዘፋኙ አንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥቶ «የመጽሐፉ አባት!» ብሎ አስጨበጨበለት። እኔም ከፊት ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። በኋላ «ያኔ ለምን አልተናገርክም?» ስለው «እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። አፈርኩበት፣ ደግሞም አዘንኩለት።

ልጁ ያደገችው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ አባቷ ሠርቶታላ! የጠረጴዛዬ ስር ልጅ አድጋ፣ የትምህርት ቤት መምህር ሆና፣ ወለደች፤ የሕፃኗ አባት ግን ሌላ ኑሮ መርጦ ሄደ። አንድ ቀን ሕፃኗን አዝላ መጣችና «አባዬ፣ ከእነዚያ ቤቶች ወደ አንዱ ልገባ ነው። አንተ ብቻህን ስታሳድገኝ ስንት እንደደከምክ አይቻለሁ። የእኔ ልጅ አሥራ አንድ ሰው ይኖራታል» አለችው። እንከን ፊቱ አመድ መሰለ። አልጋው ስር የደበቀው የምዕራፉ ወረቀት በዓይኑ ላይ ዞረ። አፉን ከፈተ፣ ከዚያ «እግዜር ይባርክሽ» ብሎ ዘጋው። ስለተስማማበት አልነበረም ዝም ያለው፤ በእሷ ዓይን እንከን የለሽ ሆኖ መኖር ስለፈለገ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራው ነገር ይገርማል። ሕፃኗን ድንቡሼ ይሏታል፣ ጉንጯ ስለሚሞላ። መሄድ ከጀመረች ቀን አንስቶ እንከን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ የውሃ ገንዳ አለ፤ ወንበሩን አምጥቶ ገንዳው አጠገብ ይቀመጣል። ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ ይዞ፣ ፀሐይ ቢሆን ጋዜጣ አናቱ ላይ ጥሎ። ልጆቹ «የአያት ፍቅር እንዲህ ነው!» ይላሉ። የአያት ፍቅርማ ነበር። ግን ሰውየው ዘብ ቆሞ ነው። በምዕራፉ ውስጥ ልጁ የሞተው እንግዳ በበዛበት ቀን ገንዳ ውስጥ ገብቶ ነው፤ አሥራ አንዱም እያንዳንዳቸው ልጁ ከሌላው ጋር ያለ መስሏቸው ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ ጠበቃት። አንድ ቀን ጥርሱን ታሞ ለማስነቀል ሄደና ቀረ። የዚያን ዕለት ድንቡሼ ማድቤት ገብታ ለልብስ ማጠቢያ የፈላ ውሃ ያለበትን ድስት ጎትታ በግራ ክንዷ ላይ ገለበጠችው። ቤት ውስጥ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ስድስቱም ሮጠው ደረሱ፤ ስድስቱም «ከአንቺ ጋር አልነበረችም እንዴ?» ተባባሉ። እኔና እንከን ክሊኒኩ ስንደርስ ልጅቷ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ተጠቅልሎ፣ ስታለቅስ ደክሟት ተኝታለች።

እናቷ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ጉንጩ ያበጠው አባቷ ላይ ተጠምጥማ «እኛ ነን ያጠፋነው፣ አባዬ» አለችው። «መጽሐፉን በደንብ አልኖርነውም። ሕጉን ረስተነዋል። ከቅዳሜ ጀምሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጮክ ብለን ልናነበው ተስማምተናል።»

እንከንን የገደለው ይሄ ነው። ልጆቹ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ሲፈልጉ እያየ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ በአምስት ገጽ የተጻፈ መልስ አልጋው ስር አለ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጣ። ሳይቀመጥ ከኮቱ ውስጥ ያን ቢጫ የሆነ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና ከትሪው ጀምሮ እስከ ድስቱ ነገረኝ። ሰማሁት። የመጀመሪያው ነገር ከአፌ የወጣው ስድብ ነው፣ አልደግመውም። ሁለተኛው «ግማሿ እጥፋት!» የሚል ነው። ወረቀቱን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ምን ታደርጋለህ? ትነግራቸዋለህ!»

«ልጄ ትጠላኛለች።»

«ትጥላህ! ክንዱ የተላጠው አንተ ነህ እንዴ?»

«እህቴ ሙች፣ ትንሽ ቀን ስጪኝ፤ ድንቡሼ ትዳን…»

«ሃያ ስድስት ዓመት ተሰጥቶሃል። እስከ ቅዳሜ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ የራሴንም ጨምሬ።» አልቅሷል። ከእኔ ፊት ሲያለቅስ ያየሁት ሚስቱ የሞተች ጊዜና ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ንባቡን ሊጀምሩ በሰፊው ክፍል ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ዘፋኙም ነበር፣ ወጣቱ ደራሲም ነበር። «ጋሼ ይጀምሩልን!» ብለው ቦታ ለቀቁለት። ድንቡሼ ጓዳ ተኝታለች። እንከን ቆመ። «ይሄ መጽሐፍ የሚያልቅበት ቦታ ማለቂያው አይደለም» አለ። «የመጨረሻውን ምዕራፍ ጥዬዋለሁ። ከእጄ ወድቆ ፈሰሰብኝ፣ አፈርኩና ደበቅኩት። ይኸው።» አምስቱንም ገጽ አነበበ። ገንዳውን፣ እንግዶቹን፣ አሥራ አንዱ ሰዎች ልጁን በአሥራ አንድ ቦታ ሲፈልጉ። ከዚያም ያቺን አዋላጇ መጽሐፉን ሁሉ የጻፉላትን ዓረፍተ ነገር፤ «የሁሉም የሆነ ልጅ በእያንዳንዱ ሰዓት የአንድ ሰው መሆን አለበት፤ ያ ሰውም የእሱ ሰዓት መሆኑን ማወቅ አለበት።» በምዕራፉ ሰዎቹ አልተበተኑም። ቤቱን አላፈረሱም። ተራ አወጡ።

መጀመሪያ የተነሣው ዘፋኙ ነው። «ይሄ የእሳቸው አይደለም» አለ። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሳቸው ልጅ አይገድሉም።»

ወጣቱ ደራሲ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ልጁን ድሬዋለሁ» አለ ለራሱ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው አፈሩ።

«የእሳቸው ነው!» አልኩ። «ግማሽ እጥፋት ጎድሎ ስጠርዘው አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ልጁ ግን ወደ ማናችንም አላየችም። ወረቀቱን ከአባቷ እጅ ወሰደች፣ ገልብጣ የሙቀት መመዝገቢያውን ቅጽ አየች፣ ፊቱን መለሰችና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻዋ አነበበችው። ከዚያ ቀና አለች።

«አባዬ፣ እዚህ ቤት ልገባ ነው ብዬ የመጣሁ ቀን ይሄ ወረቀት የት ነበር?»

«አልጋዬ ስር።»

«አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የነገርኩህ።»

«አዎ ልጄ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘችና «ደብቀህ የያዝከው መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር» አለች። «አንተ ግን ገንዳው ጋ ትቀመጥ የነበረው ለዚህ ነው። ምን እንደሚመጣ እያወቅህ ለብቻህ ጠበቅህ፣ እኛን ግን አላስጠነቀቅኸንም። ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ከአንተ ጋር ብቻዋን አልተዋትም።»

እንከን «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ዘፋኙና አራት ሰዎች፣ መጽሐፋችን የምናውቀው ነው ብለው ወጡ፤ አዝማቹን ዛሬም ይዘፍነዋል። የቀሩት በየሰዓቱ ድንቡሼ የማን እንደሆነች የሚናገር ሰሌዳ ማድቤቱ ውስጥ ሰቀሉ። ወጣቱ ደራሲ አምስቱን ገጽ በራሱ ስም ሳይሆን በአዋላጇ ስም አሳተመው፤ ጠረዛውን እኔ በነፃ ሠራሁለት፣ ተመስገን ዓይኔ ገና መርፌ ያያል። እንከን ወደ አዋላጇ መቃብር ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ልጁን በየጊዜው ይቅርታ ይጠይቃል፣ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቋል፣ እኔን ሳይቀር። እኔም እሱን። ልጁ ሰላም ትለዋለች፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ትወስደዋለች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

እሁድ እሁድ ይሄዳል። ድንቡሼ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እሱና እሷ ሥዕል ሲሥሉ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከጥግ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ወር ልጅቷ ቀለሟን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ አንተ ስትመጣ ለምንድነው ሁልጊዜ ሰው የሚጠብቀን?» አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። «ልጅ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደሚደርስባት የሚናገር ወረቀት ነበረኝ። ለእናትሽ ሳልሰጣት ደብቄው ነበር። ሰጥቻት ቢሆን ክንድሽ አይቃጠልም ነበር» አላት።

የክንዷን ጠባሳ አየችው፣ በጣቷ ነካካችው። «እማዬን ይቅርታ አልካት?»

«ብያታለሁ።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሁሉንም።»

«እኔንስ?»

ለሞቱት ሴትዮ ብሏል፣ ለልጁ ብሏል፣ ለእኔ እንኳ ብሏል። ለተቃጠለችው አንድ ቀን ብሏት አያውቅም። ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና፣ ፊት ለፊቷ ሆኖ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ድንቡሼ ቀለሟን አነሣች። «አስብበታለሁ» አለችው።

አራት እሁድ አልፏል። እየሄደ አጠገቧ ይቀመጣል፣ እሷም ትሥላለች፤ እስካሁን ግን አልመለሰችለትም።